ፀሐዩ ከሯል ያልኩበት ቀን

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ስልሳ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ወረቀቴን ሞላሁ፣ ሽርጤን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ፤ አለቀ። ባለቤቴ ዘይነባ «እንግዲህ ቤት ቁጭ ብለህ እኔን ልትጠግነኝ ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የኩሽናውን መሳቢያ ሁሉ አስተካከልኩ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አስተካከልኩ፣ የጎረቤትንም አስተካከልኩ። የሚስተካከል ነገር ሲያልቅብኝ ነው ደብተር ገዝቼ ይሄን መጻፍ የጀመርኩት።

እኛ ያለንበት፣ ዳላስ ሌክ ሃይላንድስ፣ አፓርትመንቱ በሐበሻ የተሞላ ነው። ሰው ሥራውን ሲያወራ ኤርፖርት ይላል፣ ዌርሃውስ ይላል፣ ታክሲ ይላል። የኔ ተራ ሲደርስ ወሬው ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጫማችንን ስንፈልግ አንድ አዲስ የመጣ ሰው ጠጋ ብሎ «ጋሽ ሰይድ፣ ማለቴ... ጥይት ነው የሚሠሩት አሉ። ሪል ጥይት?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሪል ጥይት» አልኩት። የጫማውን ክር ሳያስር ሄደ።

ወላሂ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቴክሳስ ውስጥ ብዙ አዳኝ ጥይት ከሱቅ አይገዛም። የተኮሰውን ቀለሃ ያነሳል፣ ያጥበዋል፣ ቅርፁን ይመልሳል፣ ባሩድና አረር ይሞላበትና ደግሞ ይተኩሰዋል። ሪሎዲንግ ይሉታል። ሪቻርድሰን ከተማ፣ ከሀይዌዩ ጎን ያለው የኛ ሱቅ ጠመንጃ ይጠግናል፣ ለነዚህ ሰዎች ዕቃ ይሸጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠሩት ጥይት ደህና መሆን አለመሆኑን ያይላቸዋል። ማየቱ የኔ ሥራ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የቀለሃ ቂጥ ሳይ ኖርኩ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ጠግቤ ወጣሁ።

ከዚያ በፊት ወታደር ነበርኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከወሎ ወጥቼ ተቀጠርኩ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ጠመንጃ ስጠግን ኖሬ በአስር አለቅነት ጨረስኩ። እዚያ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ብረት ማየት ነው። ሁለተኛው መኮንን ሲያናግረኝ ቀጥ ብሎ መቆም። ሠራዊቱ ሲበተን ደሴ ላይ የልብስ ስፌት መኪና እየጠገንኩ ቆየሁ፤ ዲቪ ሎተሪው ሲወጣልኝ ሃምሳ ዓመት ሞልቶኛል። ዳላስ መጥቼ ኤርፖርት አጠገብ ዌርሃውስ ገባሁ፣ ሣጥን ስገፋ ወገቤ እምቢ አለ። ከዚያ አዲሰን ከተማ፣ አንድ ሬስቶራንት በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ ሆንኩ።

የሱቁን ባለቤት ሚስተር ዶይልን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ሽበታም ሰውዬ ነው፣ የሚነዳው ትራክ ደግሞ ከሱ የባሰ ያረጀ። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ሲወጣ መኪናውን አመጣሁለት። በአንድ እጄ ቁልፉን፣ በሌላው ወንበሩ ሥር ያገኘሁትን ቀለሃ ይዤ «ሰር፣ ይሄ ሲተኮስ ጠመንጃው አልከፈት ብሏል አይደል?» አልኩት፣ በዚያች ባለችኝ እንግሊዝኛ።

ቆመና አየኝ። «ማን ነገረህ?»

«ቀለሃው።»

ቂጡ ላይ የምታበራ ትንሽ ክብ ምልክት ነበረች። ቀለሃው የደንበኛ ነው፤ ደንበኛው ጠመንጃዬ ተበላሸ ብሎ እንዳመጣለት ነገረኝ። «ጠመንጃው ደህና ነው፣ ባሩዱ ነው የበዛው፣ ሰውዬው ቢያቆም ይሻላል» አልኩት። የዚያን ቀን ቲፕ አልሰጠኝም። የሱቁን ካርድ ሰጠኝ።

ሚስተር ዶይል ብዙ አያወራም። ባሩድ ሲመዝንማ ጭራሽ! ስልክ ከጮኸ የመዘነውን ወደ ጣሳው ይመልሳል፣ አውርቶ ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ጣሳ ታይቶ አያውቅም። አንድ ቀን እኔ ሁለተኛ ጣሳ አስቀምጬ አገኘኝ። ምንም ሳይናገር ሁለቱንም አንስቶ ወደ ቦታቸው መለሰና ምሳውን ሊበላ ሄደ። ሲመለስ «የትኛውን እንደምትፈልግ ወሰንክ?» አለኝ፣ ያቺን ብቻ። ሁለተኛ አልደገምኩትም።

የተተኮሰ ቀለሃ ሲመጣለት ነጭ የወጥ ቤት ፎጣ መስኮቱ ሥር ያነጥፋል። ቀለሃዎቹን በተተኮሱበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ያቆማቸዋል። ደንበኛው በኪሱ ቀላቅሎ ካመጣቸው አያይም፤ «እንደገና ተኩሰህ በተራ አምጣ» ይለዋል። ከዚያ ማጉያ መነፅሩን ያደርግና አንድ በአንድ ያያል። ሳይቸኩል፣ ዘይነባ ምስር ስትለቅም እንደምታየው ዓይነት ነው አስተያየቱ።

የሚያየውን እኔም አየሁ፣ ቀስ በቀስም ለመድኩት። ከቀለሃው ቂጥ መሀል ያለችው፣ ተመትታ እሳት የምትሰጠው ክብ ነገር ፕራይመር ትባላለች። ጤነኛ ስትሆን ጠርዟ ድቡልቡል እንዳለ ይቀራል። ግፊቱ ሲበዛ ትጨፈለቃለች፣ ጠርዟ ይጠፋና ከቀለሃው ጋር እኩል ትሆናለች። የጠመንጃው መርፌ የመታት ቦታ ዙሪያውን ከንፈር ያወጣል። ቀጥሎ ያቺ የምታበራው ምልክት ትመጣለች፤ የቀለሃው ናስ ከጉልበት ብዛት ወደኋላ ሄዶ ከጠመንጃው ብረት ጋር የተሳሳመበት ቦታ ነው። ከዚያ የጠመንጃው ቦልት፣ የኋላ መዝጊያው፣ ይከብዳል፣ ለመክፈት በመዳፍ መምታት ያስፈልጋል። ሚስተር ዶይል አንዷን ምልክት ብቻዋን አያምናትም፤ ፕራይመሯ ለስላሳ ብረት ሆና ልትጨፈለቅ ትችላለች፣ የጠመንጃው መርፌ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ሁለት ምልክት አንድ ላይ ሲመጡ ግን ያበቃል። «ምልክቱ ሲታይህ ልትደርስ ነው ማለት አይደለም፣ አልፈኸዋል ማለት ነው» ይለኝ ነበር።

ያኔ ደንበኛው ዳኛም ይሁን ፓስተርም ይሁን ቀና ብሎ «ኖ፣ ሰር» ይለዋል። ከመሳቢያው ጥይት ማፍረሻዋን መዶሻ አውጥቶ ፊቱ ያስቀምጣል። የቀረውን አንድ በአንድ አፍርስ ማለቱ ነው። ሰው ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ ይላል። ሚስተር ዶይል መዶሻዋን ትንሽ ጠጋ ያደርግለታል። እንዴት እንደምቀናበት!

አሁን ሻምበል በላቸው ላይ ደረስኩ። እጄ የፈራውም እዚህ ጋ ነው።

ሻምበል የኛው ሠራዊት መኮንን ነበሩ። አገር ቤት ተያይተን አናውቅም፤ እኔ ግምጃ ቤት፣ እሳቸው ጦር ሜዳ። እዚህ የኤርፖርት ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሚዳቋ አደን ነው ፍቅራቸው። መጀመሪያ ሱቁ ሲገቡ «ሻምበል በላቸው እባላለሁ» ሲሉኝ ሳላስበው ተረከዜን አጋጠምኩ። ሚስተር ዶይል «አባትህ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ካፕቴን ነው።»

«የምን ካፕቴን?»

«አሁን የሌለ ሠራዊት ካፕቴን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ወዳጅነቱ ጠና። እኔን «አስር አለቃ» ነው የሚሉኝ፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ቴክሳስ ውስጥ ማን ማዕረግ አለው! ሚዳቋ በጣሉ ቁጥር ሥጋ ይልኩልኛል። መጀመሪያ ጊዜ እንዴት ብዬ ልመልስላቸው ብዬ ስጨነቅ ገባቸው። «ብላ፣ ቢስሚላህ ብዬ ነው የተኮስኩት» አሉኝ። እኚያ ማዕተብ ያሰሩ ሰው! ዘይነባ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ከአሜሪካ ምርጫ በኋላ በነበረው ዓመት ጥይት ከየሱቁ ጠፋ። ሰው እየተጋፋ ገዛ፣ መደርደሪያው ባዶ ቀረ፣ ቀለሃ እንኳን አይገኝም። ሻምበል የአደን ወራት ሳይመጣ እጃቸውን ማፍታታት ፈልገው ቀለሃ አጡ። እኔ አንድ ከረጢት የወታደር ቀለሃ ነበረኝ። ለኚህ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይሰጣል ብዬ ወሰድኩላቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ እቤታቸው ጥይት አድርገው ሞሉት።

የወታደር ቀለሃ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ስለሚጠብ ያው የለመዱት ባሩድ እዚያ ውስጥ ግፊቱ ይበዛል። ቀንሶ ከታች መጀመር ነው። ይሄንን ለማንም ደንበኛ ሳልነግር አልሸጥም ነበር። ለሻምበል ግን እንዴት ይነገራል? ጦር የመሩ ሰው ናቸው፣ ያውቁታል ብዬ አለፍኩት። ብነግራቸው ምን ይላሉ የሚል ይሉኝታ ያዘኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ከፎርት ዎርዝ ወዲያ አንድ የግል የተኩስ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። ጥይቶቹ ትራካቸው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲጠጡ ነው የመጡት፤ እሱም ራሱ ግፊት ይጨምራል። ሻምበል ተቀመጡ፣ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና መተኮስ ጀመሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቀለሃውን እያነሳሁ በተራ አስቀምጣለሁ፣ ልማድ ነው።

የመጀመሪያዋ ፕራይመር ትንሽ ጠፍጣፋ። ሁለተኛዋ የባሰች። ሦስተኛዋ ላይ ያቺ የምታበራው ምልክት መጣች። ሁለት ምልክት አንድ ላይ። በአራተኛው ሻምበል ቦልቱን በመዳፋቸው መቱት። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በአምስተኛው ሁለት ጊዜ መቱት፤ ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ሻምበል፣ ፀሐዩ ከሯል። አረፍ ብለን ሻይ ነገር ብንጠጣ?»

«አንድ ቀርታኛለች፣ አስር አለቃ። እሷን ልጨርሳትና እናርፋለን።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ አልኩ! አዲሰን በር ላይ ስሙን ለማላውቀው ፈረንጅ ሰውዬው ቢያቆም ይሻላል ያልኩ ሰውዬ፣ እዚያ ጋ እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆምኩ። መነፅሩን ያድርጉ እንኳን አላልኩም።

ስድስተኛዋ ስትተኮስ ድምፅዋ ሌላ ነበር። ቀለሃው ከቂጡ ተቀደደ፣ የጋለው ጋዝ በቦልቱ በኩል ወደኋላ ወጣ። ሻምበል አልጮሁም። ቀኝ ዓይናቸውን በእጃቸው ይዘው «አስር አለቃ፣ ውሃ» አሉ። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታል እስክንደርስ ያልኩትን ዱዓ አላህ ያውቀዋል። ዶክተሮቹ ዓይናቸውን ከመውጣት አዳኑት፣ ብርሃኑን ግን አላዳኑም። በቀኝ ዓይናቸው አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት።

ሐበሻው ሁሉ ሊጠይቃቸው ይጎርፋል፣ እኔም ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ። «እግዜር ነው ያተረፈዎት» ይላል ሰው። ሻምበል «ጠመንጃው ከዳኝ» ይላሉ። እኔ ጥግ ተቀምጬ አቀረቅራለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ዘይነባ አመመህ ወይ ትለኛለች፣ አይ ሥራ ነው እላታለሁ።

ሚስተር ዶይልም በበኩሉ ተጨንቋል። የዚያን ጠመንጃ በርሜል የቀየረው እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲለካው ሰነበተ፤ ስህተቱ የኔ ነው ብሎ አስቧል። በመጨረሻ ፎጣውን አነጠፈና «ቀለሃዎቹን አምጣ» አለኝ። በኪሴ ይዣቸው ነበር የምዞረው። ስድስቱን አቆማቸው፣ ማጉያውን አደረገ፣ አየ፣ አየ፣ ቀና አለ።

«እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«የትኛዋ ላይ አየህ?»

«ሦስተኛዋ ላይ።»

«ምን አልከው?»

«ፀሐዩ ከሯል አልኩት።»

«ፀሐዩ» አለ። ማጉያውን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ያባርረኛል ብዬም ጠበቅኩ፤ ቢያደርገው ደስ ባለኝ። «ለምን?» አለኝ በመጨረሻ። ስለ ይሉኝታ እንዴት አድርጌ ለቴክሳስ ሰው ላስረዳው? «አከብረዋለሁ» አልኩት። «ሰይድ፣ አሁን ሄደህ ንገረው። ጠመንጃው አይደለም ብለህ ንገረው። እኔም በዚያ ጠመንጃ የተነሳ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለኝ። ሰዓቱ ገና ጠዋት ነበር፣ ሽርጤን ሳላወልቅ ወጣሁ።

ሻምበል ሳሎን ውስጥ ዓይናቸው ተሸፍኖ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። ቀለሃው ወፍራም እንደነበር፣ ሳልነግራቸው እንደሰጠኋቸው፣ ሦስተኛዋ ላይ እንዳየሁ። ሁሉንም።

«አይተሃል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ፣ ሻምበል።»

«ሦስት ጥይት ሙሉ ቆመህ አየኸኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምላስህን ምን በላው?»

«አክብሬዎት ነው።»

ቀስ ብለው ተነሱ። «አክብሮት ነው ዓይኔን ያጠፋው? ዘበኛዬ ነበርክ እንዴ? ጓደኛዬ መስለኸኝ ነበር። ውጣልኝ!» አሉ። ወጣሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ሳላስነሳ አለቀስኩ፤ አሁን ሳስበው ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመሪያ የተነፈስኩት እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሐበሻም ይምጣ፣ ፈረንጅም ይምጣ፣ ሽማግሌም ይሁን፣ «ኖ፣ ሰር» ማለት ለመድኩ። አንድ ጋርላንድ የሚኖሩ አዛውንት «ባለጌ» ብለውኝ ሄደዋል። በማግሥቱ መዶሻዋን ሊዋሱ ተመለሱ። ለሻምበል በእንቁጣጣሽም በመስቀልም ስልክ ኮል አደረግኩ፣ አላነሱም። ሰው ልላክ ብዬ አሰብኩና ተውኩት፤ በራሴ አፍ ነው የበደልኳቸው፣ በሌላ ሰው አፍ አይታረቅም።

ኅዳር ላይ፣ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ፣ የሱቁ በር ተከፈተና ሻምበል ገቡ። ጥቁር መነፅር አድርገዋል። ሚስተር ዶይል አያቸውና ሥራ አለብኝ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ምንም ሥራ አልነበረውም። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ፎጣው ላይ አራት ቀለሃ በተራ አቆሙ።

«በግራ ትከሻ መተኮስ ተማርኩ። አዲስ ባሩድ ነው፣ ከታች ነው የጀመርኩት። አሥር ቀርተውኛል፣ ሐሙስ አደን እወጣለሁ። እያቸው» አሉኝ።

ማጉያውን አደረግኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቆንጆዎች። ሦስተኛዋ ፕራይመር ጠርዟ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። አራተኛዋ ላይ ምልክቷ አለች፤ በጣም ስስ ናት፣ ቀለሃውን ወደ መስኮቱ ካላዞሩት አትታይም። አላየሁም ብል ማንም አይፈርድብኝም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሦስት ወር ያላየሁት ሰው ናቸው፣ ገና አሁን በር የከፈቱልኝ።

«ሻምበል፣ አይሆንም» አልኩ። «አሥሩንም አይተኩሷቸውም።»

«ሐሙስ አደን አለብኝ እኮ።»

«ሐሙስ ይቀራል።»

«አሥር ጥይት እኮ ናት የምትከለክለኝ! ምልክቷ እኮ ገና ጭል ጭል ነው የምትለው።»

«ጭልም ትበል፣ ትታያለች። ቤትዎ ድረስ መጥቼ እነጥቅዎታለሁ። ቢፈልጉ ይቀየሙኝ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሚስተር ዶይል ከጓዳ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ተመለሰ።

ሻምበል ከካፖርታቸው ኪስ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት አውጥተው ፎጣው ላይ ዘረገፏት። አሥር አረርና አሥር ባዶ ቀለሃ።

«ትናንት ነው ያፈረስኳቸው» አሉ። «የመጣሁት አንተን ለመስማት ነው።»